መረቁን ያስደፋችኝ ‘ቻ’

ቶኪዮ ተማሪ ሳለሁ ማታ ማታ አንድ ኢዛካያ ውስጥ ሰሃን አጥብ ነበር። ኢዛካያ ማለት ሰው ከሥራ ሲወጣ ጎራ ብሎ እየጠጣ ትንሽ ትንሽ የሚቀማምስበት ቤት ነው። የተማሪ ቪዛ ያለው ሰው ፈቃድ ካወጣ በሳምንት እስከ 28 ሰዓት መሥራት ይችላል። የኪሴ ገንዘብ ከዚያ ነበር።

ጃፓንኛ አውቃለሁ ብዬ ነው የገባሁት። የቋንቋ ፈተናውን እስከ ኤን 3፣ ማለትም ከአምስቱ ደረጃዎች እስከ መካከለኛው፣ አልፌያለሁ። ክፍል ውስጥ መምህሬ ሲናገሩ አንድም ነገር አያመልጠኝም። ኩሽና ስገባ ግን ሌላ አገር የገባሁ መሰለኝ። ግሱ መሐል ላይ ይሰበራል፣ መጨረሻው ይዋጣል።

በመጀመሪያው ሳምንት ሼፉ ከደንበኛ የተረፈ ሰሃን እያሳየ “ሱቴቻቴ!” አለኝ። አብሮኝ የሚሠራውን ልጅ ስጠይቀው “ጣለው ማለቱ ነው” አለኝ። በቃ፣ ‘ሱቴቻ’ ካሉኝ መጣል ነው ብዬ ያዝኩ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ማጠቢያው አጠገብ አንድ ትልቅ ድስት ተቀምጧል። ሼፉ ሲያልፍ “ሱቴቻ ዳ…” አለ። የቀረውን የዕቃ ማጠቢያው ማሽን ጩኸት ዋጠው። “ሃይ!” (እሺ) አልኩና ገለበጥኩት። ለማታው የተዘጋጀ መረቅ ነበር፤ ከባሕር አረምና ከደረቀ ዓሣ የሚወጣው። ሰውየው ያለው “ሱቴቻ ዳሜ” ነው። እንዳትጥለው! ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ድስቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ውኃ ሞልቶ እንደገና ጣደ።

ያን ማታ ቤቴ ገብቼ ሁለቱን ጎን ለጎን ጻፍኳቸው። “ሱቴቻቴ” ሲዘረጋ “ሱቴቴ ሺማቴ” ነው። ጥለህ ጨርሰው፣ ገላግለው እንደማለት። “ሱቴቻ ዳሜ” ደግሞ “ሱቴቴ ዋ ዳሜ” ነው። መጣል አይሆንም። አንዱ ‘ቻ’ ከ‘ቴ ሺማኡ’ የመጣ፣ ሌላው ከ‘ቴ ዋ’ የመጣ። ድምፁ አንድ፣ ዘሩ ለየቅል። እኔ ደግሞ አጭሩን እንደ ራሱ የቆመ ቃል ሸምድጄው ነበር። ጥፋቴ እዚያ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ‘ቻ’ ስሰማ ቀጥሎ የሚመጣውን እጠብቃለሁ። ‘ኡ’፣ ‘ታ’ ወይም ‘ቴ’ ከተከተለ ነገሩ አልቋል ወይም ይለቅ ነው። ‘ዳሜ’ ከመጣ እጄን እሰበስባለሁ።

በነገራችን ላይ አማርኛ ተናጋሪ ለዚህ ነገር ባዳ አይደለም። “ሄዷል” ራሱ “ሄዶ” እና “አለ” ተጣብቀው ነው። “አላውቅም” የሚለውንስ ማን ሙሉውን ይላል? “አላቅም” እንላለን። ጃፓኖቹም “ዋካራናይ” የሚለውን “ዋካናይ” ይሉታል። የእነሱ ‘ቴ’ ያለበት ግስ ደግሞ የእኛን “በልቶ”፣ “ረስቶ” ይመስላል፤ ኋላው ላይ ሌላ ግስ ይቀጠልበታል። እኛ “ቀምሼ ልየው” ስንል ‘ማየት’ን እንደምንጨምር፣ እነሱም “ታቤቴ ሚሩ” ሲሉ ‘ሚሩ’ ማየት ነው። ‘ቴ ኦኩ’ ላይ ‘ኦኩ’ ማስቀመጥ ነው፤ ሲያጥር ‘ቶኩ’ ይሆናል። “አራቶይቴ” ሲሉኝ አጥበህ አስቀምጥ ማለታቸው ነው።

‘ቴ ሺማኡ’ አጥሮ የሚሆነውን ‘ቻኡ’ን ግን የማስተማሪያ መጽሐፉ ‘ጸጸት’ ብሎ ሲፈታልኝ ግራ ገብቶኝ ቆይቷል። ሼፉ የተረፈ ምግብ ሲያስጥለኝ ምን ያጸጽተዋል? አንድ ቀን ቁልፌን ረስቼ “ዋሱሬቻታ” ስል ትርጉሙ ብልጭ አለልኝ። “ረስቼው አረፍኩት!” የእኛ ‘አረፍኩት’ አንዳንዴ ቁጭት ነው፣ አንዳንዴ ግልግል። ‘ቻኡ’ም እንዲያው ነው።

አንድ ስህተቴን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የሰማሁትን በፊደል ነበር የምጽፈው። ይመቻል፣ ሂራጋና የሚባለው የጃፓኖች ፊደልም የሚጻፈው በክፍለ ቃል ነው። ግን ፊደላችን ማጥበቂያ የለውም። “ኪቴ” ብዬ የጻፍኩት ሲላላ ‘መጥቶ’ ነው፣ ቴው ሲጠብቅ ‘ቆርጦ’። ጆሮዬ ሁለቱን በደንብ ይለያል፤ ‘አለ’ን ላልቶና ጠብቆ እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን። ወረቀቱ ላይ ግን አንድ ይሆኑብኛል። እሱን ትቼ በሂራጋና መጻፍ ጀመርኩ፤ እዚያ ጥብቀቱ የራሱ ትንሽ ምልክት አለው።

ልምምዴ ቀላል ነበር። ከድራማ ላይ 20 ሰከንድ ያህል መርጬ፣ የጃፓንኛውን ጽሑፍ ከሥር አብርቼ፣ አጭሩን ዘርግቼ እለዋለሁ። ከዚያ መልሼ እያጠፍኩ ከተዋናዩ እኩል እስክሮጥ እደጋግመዋለሁ። ለምሳሌ “ኢካናኬሬባ ናራናይ”፣ ካልሄድኩ አይሆንም፣ “ኢካናክያ” ብቻ ሆኖ ሲቀር ማለት ነው። ‘አይሆንም’ የሚለው ጭራሽ የለም፤ ሰሚው ራሱ ይሞላዋል። በአፌ ፈጥኜ ማውጣት ያልቻልኩትን በጆሮዬም አልያዝኩትም። ሦስት ወር ገደማ ፈጀብኝ።

ስለምዳቸው ደግሞ ያለቦታቸው ማውጣት ጀመርኩ። መምህሬ የቤት ሥራዬን ሲጠይቁኝ “ዋሱሬቻታ” አልኳቸው። ለእሳቸው “ረስቼው አረፍኩት” እንደማለት ነው። ቅንድባቸው ከፍ አለ። “ዋሱሬቴ ሺማይማሺታ” ብለው በቀስታ አረሙኝ።

በቃ ጨረስኩ፣ ‘ቻኡ’ን ከነዘር ማንዘሩ አወቅሁ ብዬ ኦሳካ ሄድኩ። ጣቢያ ላይ የቆመውን ባቡር እያሳየሁ “ይሄ ወደ ኮቤ ነው?” ብዬ አንዲት ሴትዮ ጠየቅሁ። “ቻኡ ቻኡ!” አሉኝ እጃቸውን እያወዛወዙ። ምኑ ነው ያለቀው? የትኛው ግስ ነው የተዋጠው? ቆሜ ቃሉን ስዘረጋ፣ ሴትዮዋ እጄን ይዘው ወደ ሌላው መስመር አዞሩኝ። ኦሳካ ውስጥ ‘ቻኡ’ ‘ቺጋኡ’ አጥሮ ነው፤ ‘አይደለም’ ማለት። የኮቤው ባቡር በሩን ሲዘጋ ደረስን።