ሦስተኛ ወር፦ ይሄ ነጥብ የስንት ሰዓት ነው?

ሰላም ወገኖች፣ ከሐዋሳ ነኝ። ለትንንሽ የጥበቃ ጀልባዎች የሚሆን የትእዛዝና ቁጥጥር ስክሪን (ጀልባዎች ያሉበትን ቦታ በነጥብ የሚያሳይ) መሥራት መለማመድ ከጀመርኩ ሦስት ወር ሞላኝ። ያለኝ አንድ ራስበሪ ፓይ የሚባል ትንሽ ኮምፒውተር፣ የጂፒኤስ መቀበያና አሮጌ ስክሪን ነው።

የመጀመሪያው ወር ቁጥር በማንበብ አለቀ። መቀበያው መረጃውን የሚልከው ኤንኤምኢኤ 0183 በሚባለው የባሕር መሣሪያዎች ቋንቋ ነው። ኬንትሮሱን 03828.000 ብሎ ሲልክ 38 ዲግሪ ከ28 ደቂቃ ማለቱ ነው። 28ቱ ለ60 ተካፍሎ 38ቱ ላይ ሲደመር 38.467 ይሆናል። እኔ 38.28 ብዬ አነበብኩት። አሞራ ገደል የቆመችው ጀልባ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ሄዳ የብስ ላይ ቁጭ አለች። ጀማሪዎች፣ እዚህ ጋ ተጠንቀቁ።

ባለፈው ቅዳሜ በወዳጄ የሞተር ጀልባ ሐይቁ ላይ ወጣን። መሃል ላይ የመቀበያው ገመድ በንዝረት ተነቀለ። ስክሪኑ ግን ነጥቡን መጨረሻ በነበረበት ቦታ ማሳየቱን ቀጠለ። አሥር ደቂቃ ያህል ሳላውቅ ሄድኩ። ማታ የስክሪኑን ቅጂ ድሮ ምጽዋ ባሕር ኃይል ላገለገሉ ጎረቤቴ አሳየኋቸው። መጀመሪያ የጠየቁኝ «ይሄ ነጥብ የስንት ሰዓት ነው?» ብለው ነው። መልስ አልነበረኝም።

ጥያቄያቸው እንቅልፍ ነሳኝ። የጥበቃ ጀልባ ስክሪን ራዳሩንም፣ መርከቦች ማንነታቸውንና ቦታቸውን በሬዲዮ የሚልኩበትን ኤአይኤስንም አንድ ላይ ያሳያል። ራዳር ዒላማውን በየጥቂት ሰከንዱ ያየዋል። ትንንሽ ጀልባዎች የሚይዙት ኤአይኤስ ግን ብዙውን ጊዜ የሚልከው በየ30 ሰከንዱ ነው። በ20 ኖት (በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ያህል) የምትሄድ ጀልባ በዚያ ጊዜ ውስጥ 300 ሜትር ታልፋለች። ሁለቱን እንዳሉ ካስቀመጥን አንዷ ጀልባ ሁለት ሆና ትታያለች። ስለዚህ የኤአይኤሱን ነጥብ በአቅጣጫውና በፍጥነቱ ወደ ራዳሩ ሰዓት ማስጠጋት፣ ከዚያ መግጠማቸውን ማየት ያስፈልጋል። ሰዓቱ ካልተያዘ ይሄ ሁሉ አይሆንም።

አሁን እያንዳንዱ ነጥብ ዕድሜው አጠገቡ ይጻፋል። 5 ሰከንድ ካለፈው ቢጫ፣ 15 ካለፈው ግራጫ ይሆናል። መቀበያው ራሱም አንዲት ፊደል ይልካል፤ «ኤ» ካለ ቦታው ይታመናል፣ «ቪ» ካለ አይታመንም። እስከ ዛሬ ይቺን ፊደል እየዘለልኳት ነበር!

ኮምፓስ ያገናኘ ሰው ካለ ልምዱን ያካፍለኝ። ቅዳሜ ገመዱን ሆን ብዬ ነቅዬ እሞክረዋለሁ።