ለስፓርክ ብቻ የተጻፈች አንዲት መስመር

ቅዳሜ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት

አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር አራት ቅዳሜዎቼን በልታለች። ዛሬ ተሳካና እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ሳልረሳው ልጻፈው።

ነገሩ የተጀመረው መሥሪያ ቤታችን ዕቃ ቤቱን ሲያጸዳ ነው። እዚህ ቨርጂኒያ አሮጌ ኮምፒውተር ማስወገድ ራሱ ጣጣ ስለሆነ «የፈለገ ይውሰድ» ተባለ። ሌሎቹ ስክሪን በስክሪን ላይ ደራርበው ሄዱ። እኔ አቧራ የለበሰች ሰን አልትራ 5 ታቅፌ ወጣሁ። ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣት ማሽን ናት፤ የኔዋ 360 ሜጋኸርዝ አልትራስፓርክ ፕሮሰሰርና (ስፓርክ የሚባለው የሰን ፕሮሰሰር ዓይነት) 256 ሜጋባይት ማህደረ ትውስታ አላት። ባለቤቴ በሩን ከፍታ አየችንና «ደግሞ ይቺ ምን ልትሆንልህ ነው?» አለች። «ኢማክስ እሠራባታለሁ» አልኳት፤ ኢማክስ የቆየ የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ነው፣ እኔም ከምንጭ ኮዱ ልገነባው ነው ያሰብኩት። ፊቷን ሳየው መልሴ ነገሩን እንዳባሰው ገባኝ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ኢማክስ ጋ እንኳን አልደረሰም። ማሽኗ ስትበራ ማንነቷን ረስታለች። ሰዓቷንና መለያ ቁጥሯን የምትይዘው ቺፕ ባትሪው ውስጡ የተቀበረ ነው፤ ባትሪው ሲያልቅ የኢተርኔት (የኔትወርክ) አድራሻዋ ሙሉ በሙሉ «ኤፍኤፍ» ይሆናል። ደግነቱ የሰን ማሽኖች ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሳይነሳ በፊት «ኦኬ» የሚል አጭር ቃል ጽፈው ትእዛዝ ይጠብቃሉ። እዚያ ላይ አድራሻውን በእጄ፣ ባይት በባይት መለስኩላት። መጀመሪያ የሰን መለያ የሆኑት 8፣ 0፣ 20፤ ቀጥሎ የራሷ ሦስት ባይቶች፤ በመጨረሻም ቁጥሮቹ ትክክል መሆናቸውን የሚያረጋግጠው ድምር። ስሟን የረሳች አሮጊትን «እርስዎ እኮ እገሌ ነዎት» እንደ ማለት ነው።

የሰንን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሶላሪስ 8ን ጭኜ፣ የኢማክስ 21.3ን ምንጭ ኮድ በሲዲ ገልብጬ፣ ማሽኗን መርምሮ ግንባታውን የሚያዘጋጀውን «ኮንፊገር» አስነሳሁ። ወዲያው ቆመ። ምንጭ ኮድን ወደ ፕሮግራም ይቀይራል የተባለ «ሲሲ» የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ሲጠሩት ግን «የቋንቋው አማራጭ ፓኬጅ አልተጫነም» ብሎ የሚሰናበት ባዶ ስክሪፕት ነው። በሩ ላይ ሱቅ የሚል ጽሑፍ ሰቅሎ ውስጡ ምንም የማይሸጥ ቤት ማለት ነው። ይህንኑ ሥራ የሚሠራውን ጂሲሲን ከተጨማሪው ሲዲ ላይ ጫንኩ። ከዚያ ደግሞ ግንባታውን የሚያካሂደው «ሜክ» አልተገኘም። ለካ ሶላሪስ እነ ሜክን የሚያስቀምጠው ማንም በማያስበው ዶሴ ውስጥ ኖሯል። የፍለጋ መስመሩን አስተካከልኩና ኮንፊገር በመጨረሻ ማሽኗን አወቃት፦ «ስፓርክ፣ ሰን፣ ሶላሪስ 2.8» ብሎ ጻፈ። እውነቱን ለመናገር፣ ያቺን መስመር ሳያት ልጄ ፈተና ያለፈ ያህል ነበር።

እዚህ ላይ ስግብግብነት ያዘኝ። ፕሮሰሰሯ 64 ቢት ነው፤ ታዲያ ኢማክሱ ለምን 32 ቢት ይሆናል? የ64 ቢቱን ምርጫ ጨመርኩ። የፕሮግራሙን ክፍሎች የሚያገጣጥመው ሊንከር፣ ኢማክስ የሚዋሳቸው የምስል ላይብረሪዎች (ዝግጁ ኮዶች) ሁሉ 32 ቢት ስለሆኑ «የተሳሳተ የኤልፍ ክፍል» (የፋይሉ ዓይነት አይገጥምም) እያለ ተራ በተራ መለሰልኝ። አንድ ሙሉ ከሰዓት ሄደ። በኋላ ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ የ32 ቢቱ ኢማክስ 21 ዋናው ገደብ አንድ ፋይል ከ128 ሜጋባይት መብለጥ አለመቻሉ ነው። እኔ ልጽፍ ያሰብኩት ለእማዬ አንዲት ገጽ ደብዳቤ ነው። ወደ 32 ተመለስኩ።

ሦስተኛው ቅዳሜ የተበላሸው በኔው ጥፋት ነው፤ ግን ካጠፋሁት ይበልጥ የተማርኩበት ነው። ኢማክስ ሲሠራ መጀመሪያ «ቴማክስ» የሚባል ራቁቱን የሆነ ፕሮግራም ይወጣል። ቴማክስ አብዛኛው ኢማክስ በተጻፈበት ቋንቋ፣ በሊስፕ የተጻፉትን ፋይሎች አንድ በአንድ ይጭንና፣ ማህደረ ትውስታው ላይ ያለውን ሁሉ እንዳለ ዲስክ ላይ አዲስ ፕሮግራም አድርጎ ይጽፈዋል። እኛ የምንከፍተው ኢማክስ ያ ነው። ሁልጊዜ ሽንኩርት ከመክተፍ ቁሌቱን አብስሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ በሉት። የኔ ቴማክስ ግን ገና ሲነሳ ላይብረሪ አጣሁ ብሎ «ተገደለ» የምትል አንዲት ቃል ጽፎ ሞተ። ሊንከሩ ላይብረሪዎቹ የት እንዳሉ በግንባታው ጊዜ ተነግሮታል፤ ፕሮግራሙ ራሱ ሲሮጥ የት እንደሚያገኛቸው ግን አልነገርኩትም። ሶላሪስ ላይ ሁለቱ የተለያዩ ምርጫዎች ናቸው። አንዲት ፊደል ጨምሬ እንደገና ከመጀመሪያው።

ግንባታው ከአንድ ሰዓት በላይ ስለሚወስድ፣ ቡና አፍልቼ ምንጭ ኮዱን በላፕቶፕ ማንበብ ጀመርኩ። ኢማክስ 21 ውስጥ «ኤም» እና «ኤስ» የሚባሉ ሁለት ዶሴዎች አሉ። ኤም ለፕሮሰሰር፣ ኤስ ለኦፐሬቲንግ ሲስተም። ኮንፊገር የሚያደርገው ትልቁ ነገር ከየዶሴው አንዳንድ ፋይል መርጦ ማጣመር ነው። የስፓርክ ፋይል አጭር ናት። ከጎኗ ግን የድሮ ማሽኖች ፋይሎች ተደርድረዋል፦ ቫክስ አለ፣ አልፋ አለ፣ ጉልድ አለ፣ ፒራሚድ አለ፣ ኮንቬክስ አለ። ብዙዎቹን በስም እንጂ በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም። በጊዜው ኢማክስ የአንድን ነገር አድራሻ በ28 ቢት ነበር የሚይዘው፤ የኤችፒና የአይቢኤም አርኤስ 6000 ማሽኖች ግን ዳታቸውን ከዚያ ከፍ ካለ አድራሻ ይጀምራሉ። ስለዚህ የነሱ ፋይሎች ውስጥ የጎደሉትን የላይኛ ቢቶች መልሶ የሚጨምር አንድ ቁጥር ተቀምጧል። ያንን ቁጥር ያስገባው ሰው ማሽኑ ፊት ተቀምጦ ስንት ቀን እንደተበሳጨ ልገምት እችላለሁ፤ እኔም በላይብረሪ ብቻ ሁለት ቅዳሜ አልፎብኛል።

ቡናዬን ያቀዘቀዘችው ግን ሌላ መስመር ናት። ማህደረ ትውስታን የሚያስተዳድረው ፋይል ውስጥ፣ ለስፓርክ ብቻ የተጻፈች አንዲት የአሴምብሊ (በቀጥታ ለፕሮሰሰሩ የሚጻፍ ቋንቋ) ትእዛዝ አገኘሁ፦ «ቲኤ 3»። ስፓርክ ላይ አንድ ፋንክሽን (የፕሮግራም ክፍል) ሌላውን ሲጠራ ሬጅስተሮቹ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ማስቀመጫዎች፣ ወዲያው ወደ ማህደረ ትውስታ አይገለበጡም፤ እንደ መስኮት ይንሸራተታሉ። የጠሪው ስምንት መውጫዎች ለተጠሪው ስምንት መግቢያዎች ይሆናሉ። ፍጥነት ይሰጣል። ኢማክስ ግን ቆሻሻ ሲጠርግ፣ ማለትም የማያስፈልግ ማህደረ ትውስታን ሲያስለቅቅ፣ በሥራ ላይ ያለውን ነገር የሚለየው ስታኩን (ፋንክሽኖች ጊዜያዊ ዳታቸውን የሚያኖሩበትን የማህደረ ትውስታ ክፍል) እያሰሰ ነው። አንድ ዕቃ አድራሻው ያለው ገና ስታክ ላይ ባልሰፈረ መስኮት ውስጥ ብቻ ከሆነ አይታይም፤ በሕይወት ያለው ከቆሻሻ ጋር ይጠረጋል። «ቲኤ 3» መስኮቶቹን ሁሉ ስታክ ላይ እንዲያራግፍ ፕሮሰሰሩን ታዛለች። አንድ መስመር፣ ከላዩ አጭር ማብራሪያ፣ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ኢማክስ 24.3 ላይ ኤም እና ኤስ ዶሴዎች የሉም፤ ኮንፊገር ራሱ መርምሮ እንዲደርስበት ተደርጓል። ይሻላል፣ አልክድም። ቢሆንም እነዚያ ፋይሎች ቢቀሩ ደስ ይለኝ ነበር።

ዛሬ ደግሞ አማርኛው ቀረ። ኢማክስ ተነሳ፤ የግዕዝ ፊደል መጻፊያውን ብጠራው የለም። የዚያ ዘመን ኢማክስ የመጻፊያ ዘዴዎቹን «ሊም» በሚባል ለብቻው በሚወርድ ጥቅል ነበር የሚሰጠው፤ እኔ አላወረድኩትም። አምጥቼ ከምንጭ ኮዱ ጋር አንድ ላይ ፈታሁትና እንደገና ሜክ። መጻፊያው መጣ፤ ፊደሉ ግን ባዶ ሳጥን። የፊደል ቅርጾቹን የያዘውን የኢንትል ፎንትስ ጥቅልን ጫንኩ። ከዚያ በኋላ ሳጥኖቹ ጠፉ።

የሚገርመው፣ ይህ ሥራ የተሠራው ጃፓን ውስጥ ነው። ፋይሎቹ ላይ ያለው የደራሲ ስም ታካሃሺ ናኦቶ ሲሆን፣ የቅጂ መብቱ ደግሞ የጃፓን ኤሌክትሮቴክኒካል ላቦራቶሪ ነው። ኢማክስ 20 ፊደላችንን ይዞ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ የዓለም ፊደላት የጋራ መለያ ቁጥር በሚያገኙበት በዩኒኮድ ውስጥ የገባነው በ1999። የአጻጻፍ ስልቱ በላቲን ፊደል መትቶ ግዕዝ ማውጣት ሲሆን መጠሪያው «ሴራ» ነው። የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም ዝርዝሩን ሳነብ «ሴራው እንዲህ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር በአእምሮዬ እየመጣ አስቆኛል።

የዓለም ቋንቋዎችን ሰላምታ የያዘውን ፋይል ከፈትኩ። አማርኛ አለ። «ሠላም» ይላል፣ በንጉሡ ሠ። እማዬ ብታየው «በእሳቱ ሰ ነው እንጂ!» ትላለች፤ ልክም ናት። አዲስ ገጽ ከፍቼ «ውድ እማዬ፣ ሰላም ነሽ?» ብዬ ጻፍኩ፣ በእሳቱ።

ባለቤቴ ከመኝታ ክፍል «አሁንም አልጠፋችም እንዴ?» አለችኝ። አልጠፋችም። ካጠፋኋት ማንነቷን ትረሳለች፤ ጠዋት ቁጥሮቹን እንደገና መንገር ሊኖርብኝ ነው። ወረቀት ላይ ጽፌ ጎኗ ላይ ለጥፌያቸዋለሁ።