ሦስት ጊዜ የተቃጠለው አይሲ

ሐምሌ ነው። ደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ አንድ የወተት ላም እርባታ የገጠምኩት የፓምፕ መቆጣጠሪያ ለሦስተኛ ጊዜ ተበላሸ። ሮቶው ሌሊቱን ሙሉ ሲፈስ አድሮ ውሃው የጥጆቹ ቤት ገባ። በዚያ ብርድ!

"ጥጆቼ ሲንቀጠቀጡ ነው ያደሩት" አሉኝ እትዬ። አንገቴን ደፋሁ።

ሰርኪዩቱ ቀላል ነው። ሮቶው ውስጥ ካለው ሴንሰር 70 ሜትር ሽቦ ይመጣል። ኤል ኤም 393 የሚባል ኮምፓራተር አይሲ (ሁለት ቮልቴጅ የሚያወዳድር ትንሽ ቺፕ) የሽቦውን ቮልቴጅ ከተወሰነ ቮልቴጅ ጋር ያወዳድርና ፓምፑን ያበራል ወይም ያጠፋል። ሁለቴ ስጠራ ሁለቴም አይሲውን ቀይሬ፣ "ዕቃው ፎርጂድ ነው" ብዬ ሄጃለሁ። የከብቶቹ ጠባቂ ግን ያኔውኑ ነግሮኝ ነበር፦ "ሰማዩ ሲያጓራ ፓምፑ በራሱ ይነሳል።" አልሰማሁትም።

ሰሌዳውን ይዤ ሱቅ ተመለስኩ። አብሮኝ የሚሠራው ጋሼ ቴስተሩን አንዱን ጫፍ ግራውንድ ላይ፣ ሌላውን የሴንሰሩ ሽቦ የሚገባበት የአይሲው እግር ላይ አሳረፈ። ጢጥ አለ። ሾርት ነው።

"መብረቅ አካባቢው ላይ ሲወርድ ይህ ሁሉ ሽቦ ምን ይዞ ይመጣል? የሚመጣውንስ ምን ይገታዋል?" አለኝ።

ምንም። ሽቦው ቀጥታ እግሩ ላይ ተበይዷል።

ይህ አይሲ ወደ ላይ እስከ 36 ቮልት ይችላል። ወደ ታች ግን ከግራውንድ በ0.3 ቮልት ገደማ ከወረደ ውስጡ ያለው መገጣጠሚያ ከረንት በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሚያሳልፍ ዳዮድ ይከፈታል፤ ከረንቱም ያለ ገደብ ይገባል። ገና ሳይቃጠል እንኳ ውጤቱ ሊሳሳት ይችላል። ጠባቂው ያየው ይህንን ነው።

እግሩ አጠገብ ከረንቱን የሚገድብ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በተከታታይ ገባ። ሽቦው 100 ቮልት ወደ ታች ቢወርድ እንኳ የሚያልፈው 10 ሚሊ አምፔር ገደማ ነው። ኮምፓራተሩ ራሱ የሚፈልገው 25 ናኖ አምፔር አካባቢ ስለሆነ ሬዚስተሩ ላይ የሚቀረው ሩብ ሚሊ ቮልት ነው፤ ለውሃ ልክ ከቁጥር አይገባም። ከሬዚስተሩ ቀጥሎ፣ በእግሩና በግራውንድ መካከል፣ በዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚከፈት ሾትኪ ዳዮድ ጨመርን። ዳዮዱ ከሬዚስተሩ በፊት ቢሆን ሸክሙ ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል። ሽቦውን በቀጥታ ለሚመታ መብረቅ ግን ይህ አይበቃም።

ነሐሴን ሙሉ ያ አይሲ አልተነካም። እኔ ግን ያለ ሬዚስተር የገጠምኩት ሌላ ሰሌዳ ጣርማ በር ነበረኝ። የእትዬን ሰሌዳ በጠገንን ማግስት ሳልጠራ ሄጄ ፈታሁት።