ወደ ካላማዙ፣ ለአንድ አሮጌ ጊታር

ባቡሩ ከቺካጎ ሲነሳ ገና በቅጡ አልነጋም ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ የጥርስ ሐኪም የሚጠቀምባት ዓይነት ትንሽ መስታወት፣ የእጅ ባትሪ፣ ማስመሪያና የጊታር ገመድ ይዣለሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት መስታወቷን አይታ "ጥርስ ሐኪም ነህ?" አለችኝ። ጊታር ልገዛ ነው የምሄደው አልኳት። ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቀችኝም።

የምሄደው ሚሺጋን ውስጥ ወዳለችው ካላማዙ ነው። ማስታወቂያው አጭር ነበር፦ ጊብሰን ኢኤስ-125፣ የ1956፣ ሁሉ ነገሩ ኦሪጅናል። ሦስት ደብዘዝ ያሉ ፎቶዎች አሉት። በፖስታ አይላክም፣ መጥቶ ማየት ለሚችል ብቻ ይላል። ብዙ ሰው ይህን ሲያነብ ያልፈዋል። እኔን ግን ደስ አለኝ። የአርክቶፕ ጊታር በሽታ ፎቶ ላይ አይታይም፤ በእጅ ይዘው ካላገላበጡት ምኑም አይታወቅም።

አርክቶፕ ፊቱ እንደ ቫዮሊን ጎበጥ ያለ፣ ሁለት የኤፍ ቅርጽ ያላቸው ቀዳዳዎች ያሉት ጊታር ነው። ክሮቹን ከፊቱ ከፍ አድርጎ የሚሸከመው ብሪጅ አልተጣበቀም። የያዘው የክሮቹ ግፊት ብቻ ነው። ኦርቪል ጊብሰን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንጨት እየፈለፈለ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን ይሠራ የነበረው እዚያው ካላማዙ ነው። የጊብሰን ኩባንያ የተቋቋመውም እዚያው ነው፣ በ1902። ኢኤስ-125 ግን የተፈለፈለ አይደለም። ስስ የሜፕል ንብርብሮች ተጣብቀው፣ በመጭመቂያ ተጎብጠው የወጡ ናቸው። ከእነ ኤል-5፣ ከጊብሰን ውድ የተፈለፈሉ ጊታሮች ጋር አይወዳደርም። ዋጋውም አይወዳደርም፤ እኔም የመጣሁት ለዚሁ ነው።

የጌሪ ከተማን የብረት ፋብሪካዎች አለፍን። ኢንዲያናን ጨርሰን ሚሺጋን ስንገባ ስልኬ በራሱ አንድ ሰዓት ወደፊት ዘለለ። የሰዓት ልዩነት መኖሩን ጭራሽ ረስቼዋለሁ። ለቀጠሮዬ ግማሽ ሰዓት ይተርፈኛል ብዬ ተዝናንቼ ነበር፤ ለካ ግማሽ ሰዓት ዘግይቻለሁ።

ሻጩ ጡረታ የወጡ ኤሌክትሪሺያን ናቸው። ስለ መዘግየቴ ምንም አላሉም። የጊታሩን መያዣ ኬዝ ሶፋው ላይ ከፍተው አስቀምጠውታል፣ አምፕሊፋየሩም በርቷል። "ሰካውና ስማው" አሉኝ።

አልሰካሁም። ድምፁን መጀመሪያ ከሰማሁ ዓይኔ ይታወራል፤ ራሴን አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ እንደዚያ ሆኜ አንገቱ የተጣመመ ጊታር ታቅፌ ቤቴ ገብቻለሁ።

መጀመሪያ ያየሁት ብሪጁን ነው። ብሪጁ ከፍና ዝቅ የሚልባቸው ሁለት ትንንሽ ጎማዎች አሉት። ጎማዎቹ እስከ መጨረሻው ወርደው ክሮቹ ገና ከፍሬቶቹ፣ አንገቱ ላይ ከተደረደሩት የብረት ዘንጎች ርቀው ከተሰቀሉ ችግር አለ ማለት ነው። በዓመታት የክር ጉተታ አንገቱ ወደ ፊት መጥቷል። መፍትሔው አንገቱን ከመጋጠሚያው በእንፋሎት አላቅቆ እንደገና መትከል ነው። ሥራው ውድ ነው፣ የዚህ ዓይነቱን ጊታር ግማሽ ዋጋ ሊበላ ይችላል። እስትንፋሴን ይዤ ማስመሪያውን አስጠጋሁ። ወደ ሦስት ሚሊሜትር የሚጠጋ መውረጃ ቀርቶታል። እሰይ!

ቀጥሎ መስታወቷ ሥራ ጀመረች። ጊብሰን በዚያ ዘመን ሳጥኑ ውስጥ በቀለም የፋብሪካ ቁጥር ያትም ነበር፤ ከፊት ያለው ፊደል ዓመቱን ይናገራል። ፊደላቱ የሚሄዱት ወደ ኋላ ነው፦ 1952 ዜድ፣ 1953 ዋይ፣ እያለ 1956 ላይ ቪ ይደርሳል። ባትሪዬን በቀዳዳው አብርቼ፣ መስታወቷን አዘንብዬ፣ ብዙ አቧራ ካየሁ በኋላ ቪ ተገኘች።

ዓመቱ እውነት ነው። "ሁሉ ነገሩ ኦሪጅናል" የሚለው ግን አይደለም። ከጭንቅላቱ ጀርባ የድሮዎቹ መቃኛዎች ጥላ ከአዲሶቹ ሥር ወጣ ብሎ ይታያል፤ የድሮ የብሎን ቀዳዳዎችም ባዶ ቀርተዋል። ውስጥ ደግሞ የፖቴንሽዮሜትሮቹ፣ ድምፁን የሚቆጣጠሩት ቁልፎች ሥር ያሉት ዕቃዎች ብየዳ ያብረቀርቃል። የሃምሳዎቹ ብየዳ እንዲህ አያበራም።

ቀስ ብዬ "እነዚህን ቀይረዋቸዋል እንዴ?" አልኳቸው።

ሳቁ። "ድምፁን ስጨምር ይንኮሻኮሽ ነበር። እኔ ኤሌክትሪሺያን ነኝ፤ እንዴት ዝም ልበል?" ብለው ከመሳቢያ አንድ የወረቀት ፖስታ አወጡ። ያወጧቸውን ሁለቱንም ፖቴንሽዮሜትሮች አልጣሉም። አሮጌ ዕቃ ስገዛ ከእንከን የለሹ ይልቅ እንዲህ ያለውን ሰው ነው የማምነው።

አሁን ሰካሁት። መጀመሪያ የሰማሁት ሙዚቃ ሳይሆን ኸምምም የሚል ነው። ፒ-90 የሚባለው ፒክአፕ፣ የክሮቹን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ዕቃ፣ አንድ ጥቅል ሽቦ ብቻ ስላለው የቤቱን ኤሌክትሪክ ሁሉ ይሰማል። ወንበሬን ትንሽ በትንሽ አዞርኩ። ወደ መስኮቱ ስዞር ጩኸቱ ሊጠፋ ምንም አልቀረው። ሰውዬው ተገርመው ቀና አሉ። "ይህን ሁሉ ዓመት ስጫወት ወንበር አዙሬ አላውቅም!"

ድምፁ ወፍራም ነው፣ እንጨት እንጨት ይላል። ኖታው ብዙ አይቆይም፤ ይመታል፣ ያብባል፣ ይሞታል። ለረጅም ሶሎ የሚመኘው ሰው ይበሳጫል። ኮርድ ስመታበት ግን እያንዳንዱ ክር ለብቻው ይሰማኝ ነበር። ድምፁን በጣም ስከፍተው ባዶው ሳጥን ከአምፕሊፋየሩ ጋር ተጠራርቶ መጮህ ጀመረ። ቀነስኩ። የዚህ ጊታር ጠባይ ነው፣ ጉድለት አልለውም።

ስለ መቃኛዎቹ ብዬ ዋጋ ቀንሱልኝ አልኩ። እሳቸው "ፖስታውን ልጨምርልህ፣ ዋጋው ግን ያው ነው" አሉ። ተከራካሪ አይደለሁም። ከፈልኩ።

ውጭ በረዶ ጀምሮ ነበር። ከመዝጋቴ በፊት የብሪጁን ቦታ በማስመሪያ ለክቼ ፎቶ አነሳሁ። ክሮቹን ትንሽ ላላ አደረግኩ። ጨርሶ ማላላት አይቻልም፤ ብሪጁ ወድቆ ፊቱን ይጭራል። አንገቱ ሥር ቲሸርቴን አጥፌ አስገባሁ።

የታክሲውን ሾፌር በፓርሰንስ ጎዳና በኩል እንዲወስደኝ ለመንኩት። ጊብሰን ከ1917 እስከ 1984 የሠራበት የጡብ ሕንፃ እዚያ ነው። ኩባንያው ወደ ናሽቪል ሲሄድ አንሄድም ያሉ ሠራተኞች በ1985 እዚያው ሕንፃ ውስጥ ሄሪቴጅ የሚባል የራሳቸውን ጊታር መሥራት ጀመሩ። ጊታሩ ከዚህ በር ከወጣ ብዙ ዘመኑ ነው። እኔ ከኋላ ወንበር ታቅፌው በመስኮት አየሁ፤ ሾፌሩ አልቆመም።

ማታ ቺካጎ ሆቴሌ ስገባ ኬዙ በረዶ ሆኗል። እስከ እኩለ ሌሊት አልከፍተውም ብዬ ማልኩ። የድሮ ጊብሰን የተቀባው ናይትሮሴሉሎስ ላከር የሚባል አንጸባራቂ ቅብ ነው፤ ከብርድ ወጥቶ ድንገት ሙቀት ሲያገኘው እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጣጠቃል።

እጄ ዝም አልል ሲለኝ ፖስታውን ከፈትኩ። አንደኛው ፖቴንሽዮሜትር ዝጓል፣ አይነበብም። ሁለተኛው ላይ 134632 የሚል ተቀርጿል። 134 ሠሪው ሴንትራላብ ነው። 6 ዓመቱ፣ 32 ሳምንቱ። 6 ብቻውን 1946ም ሊሆን ይችል ነበር፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለችው ቪ ግን ክርክሩን ዘግታዋለች። የ1956 ሠላሳ ሁለተኛ ሳምንት።

ሰዓቴን አየሁ። ስልኬ ጠዋት የወሰደብኝን አንድ ሰዓት መንገድ ላይ መልሶልኛል። ዛሬ ማታ እንኳ ባይመልሰው ምን ነበረበት!