አስተናጋጅ የሌለው የኖርዌይ ተራራ ጎጆ በክረምት

እ.ኤ.አ. በ1868 የተመሠረተው የኖርዌይ ተጓዦች ማኅበር ካሉት ጎጆዎች ብዙዎቹ አስተናጋጅ የላቸውም። የማኅበሩ አባል ቁልፍ ይዞ ይሄዳል፣ ከፍቶ ይገባል። ማገዶ፣ ጋዝ፣ ድስትና ብርድ ልብስ እዚያው አለ፤ እንደ ከረጢት ተሰፍቶ ውስጡ የሚተኛበትን አንሶላ ግን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። በአንዳንዶቹ የታሸገ ምግብ ይሸጣል። ሽሮ ግን ቀላል ነው፣ ቶሎም ይደርሳል፤ እኔ ብሆን አልተወውም።

እንደደረሳችሁ በላብ የራሰውን ልብስ ቀይሩ፣ ከዚያ ወደ ምድጃው። የጭስ ማውጫው መዝጊያ መከፈቱን ሳታዩ ክብሪት አትጫሩ። ቧንቧው በጣም ከቀዘቀዘ ጭሱ ወደ ቤት ይመለሳል፤ መጀመሪያ ወረቀት አንድዳችሁ አሙቁት፣ ከዚያ ቀጫጭን ፍልጥ፣ በመጨረሻ ወፍራሙን።

ውሃው ትዕግሥት ይፈልጋል። አዲስ የወረደ በረዶ አብዛኛው አየር ስለሆነ አሥር ሊትሩ ቀልጦ አንድ ሊትር ገደማ ቢወጣው ነው። ድስቱ ውስጥ ቀድማችሁ ትንሽ ውሃ ካላደረጋችሁ ሥሩ ያርራል፣ ውሃውም አረር አረር ይላል። በረዶውን ከመጸዳጃው ርቃችሁ ዝገኑ፤ ለምን እንደሆነ አልነግራችሁም።

ዳገት ለመውጣት ስኪው (የበረዶ መንሸራተቻው) ሥር የሚለጠፈው ጨርቅ ሙጫው ከቀዘቀዘ አይይዝም፤ ስታወልቁት ጃኬታችሁ ውስጥ ክተቱት። ከ30 ዲግሪ በላይ የሆነ ቁልቁለት በረዶው ሊናድ ይችላል። ከሥሩም አትለፉ።

ስትወጡ አመዱን በብረት ባልዲ አውጡ፣ ለሚቀጥለው እንግዳ እንጨት ፍለጡ፣ በሩን ቆልፉ።