ደላላው ምን ይፈልጋል?

ደሴ ውስጥ በአንድ የሬዲዮ ተከታታይ ድራማ ላይ ረዳት አዘጋጅ ሆኜ ሠርቻለሁ። ርእሱ ስደት ነበር። ወጪውን የሚሸፍነው ድርጅት ስሙ ይቆየን። የፈለገው ግን ግልጽ ነው፤ በደላላ ተታለው ወደ ዐረብ አገር የሚሄዱ የአካባቢያችንን ልጆች ማስጠንቀቅ።

የመጀመሪያው ስክሪፕት ሲመጣ የጎደለ ነገር ያለው አይመስልም። ጥሩ ልጅ አለች። እየሳቀ የሚያታልል ክፉ ደላላ አለ። አስተዋይ ወንድም አለ። ደራሲው ወጣት ነው፤ የወሎን አነጋገር ያውቅበታል፣ ቋንቋው ይጥማል። ግን ድርጅቱ የመልእክት ዝርዝር ሰጥቶት ነበርና ዝርዝሩን ለገጸ ባሕሪዎቹ አከፋፈለው። ወንድምየው እህቱን መነኻሪያ ሲሸኝ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008ን ይጠቅስላታል። ወላሂ፣ እያለቀሰ ነው የሚጠቅሰው።

ነገሩ የፈነዳው በንባብ ልምምድ ላይ ነው። ልጅቷን የምትጫወተው ተዋናይ ዕድሜዋ ከአርባ አልፏል። ድምፅዋ ግን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ድምፅ ነው፤ ሬዲዮ ደግሞ ድምፅ እንጂ መታወቂያ አይጠይቅም። «የተሻለ ሕይወት እፈልጋለሁ» የሚለው መስመር ላይ ስትደርስ ቆመች። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወደ ደራሲው ዞረች።

«የኔ ልጅ፣ ይቺ ልጅ ምንድን ነው የምትፈልገው?»

«የተሻለ ሕይወት፣ እትዬ።»

«እሱንማ እኔም እፈልጋለሁ። አንተም ትፈልጋለህ። እሷ ምን ትፈልጋለች?»

«ገንዘብ።»

«ገንዘቡን ምን ልታደርግበት?»

መልስ የለም። ፊቱ ቀላ። «አብሽር፣ ተቆጥቼ አይደለም» አለችው። «የምትፈልገውን ካላወቅኩ ግን በምን ድምፅ እንደምናገር አላውቅም።»

እትዬ ይህን ጥያቄ ከቴአትር ትምህርት ያመጣችው ነው። ሩሲያዊው ኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪ ተዋንያኑን ሲያሠለጥን በየትዕይንቱ «እዚህ ጋ ምን እፈልጋለሁ?» ብለው እንዲጠይቁ ያደርግ ነበር። ከየትዕይንቱ ፍላጎት በላይ ደግሞ ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር የሚጎትት አንድ ትልቅ ግብ መኖር አለበት ይላል። «የተሻለ ሕይወት» ግብ ሊሆን ያልቻለው ስለማይጨበጥ ነው። ልጅቷ አገኘችው ወይስ አጣችው ብሎ አድማጭ በምን ይለያል?

ደራሲውና እኔ ሚኒባስ ይዘን የሐረጎን ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ አካባቢ፣ ልብስ ስፌት ላይ የሚሠሩ ልጆች ከፈረቃ ሲወጡ ሻይ እየጋበዝን አወራን። «ለምን መሄድ ትፈልጋላችሁ?» ብንላቸው ሁሉም ያንኑ የተሻለ ሕይወት አሉን። ደራሲው ጎበዝ ነው፤ ጥያቄውን ቀየረው። «የመጀመሪያውን ወር ደመወዝ ብታገኚ መጀመሪያ ምን ታደርጊበታለሽ?» አለ። ያኔ ወሬው መጣ። አንዷ የእናቷን ቤት ቆርቆሮ ልታለብስ ነው። አንዷ የወንድሟን የኮሌጅ ክፍያ። አንዷ ግን ለብቻዋ ቤት ተከራይታ ቁልፉን ኪሷ መክተት ነው የምትፈልገው። አራት ሆነው አንድ ክፍል ይኖራሉ። ገጠርም ሳለች የራሷ የሚባል ሳጥን እንኳ አልነበራት።

ደራሲው ቁልፉን ይዞ ተመለሰ። ማለቴ፣ ለልጅቷ ሰጣት። ከዚያ በኋላ ድራማው ሌላ ሆነ። ግቧ ቁልፍ ነው። ገፊ ምክንያቷ፣ ማለትም ለማንም የማትናገረው ነገር፣ ዕድሜ ልኳን ዕቃዋ ሲነካ ዝም ማለቷ ነው። እንቅፋቱ የቤት ኪራይ ነው። «እፈልጋለሁ» የሚለው መስመር ጠፋ፤ አያስፈልግማ። የድምፅ ባለሙያችን የእውነት ቁልፍ አመጣ። ልጅቷ ስትጨነቅ የጓደኛዋን ቁልፍ ታንቀጫቅላለች። ሬዲዮ ላይ ፍላጎት ድምፅ ካገኘ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ጠቡ የመጣው በደላላው ነው። እሱን የሚጫወተው ተዋናይ እትዬን አይቶ ቀና፦ «ሁልጊዜ ሳቄን ብቻ ነው የምትፈልጉት። እኔስ ምን እፈልጋለሁ?» አለ። ደራሲው እንቅልፉን አጥቶ ሰውዬውን እንደገና ጻፈው። በአዲሱ ስክሪፕት ደላላው በ2006 ዓ.ም. ከመቶ ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ሲባረሩ አብሮ የተመለሰ ሰው ነው። የገባው በፌስታል ነው። በወንድሙ ሠርግ ላይ ብድግ ብሎ ያስቀመጠው ሰው አልነበረም። አሁን የሚፈልገው የሰፈሩ የቅሬ፣ ማለትም በእኛ በወሎ የዕድር፣ ዳኛ መሆን ነው። ለዚህ ገንዘብ ያስፈልገዋል፣ ለሰው መድረስም ያስፈልገዋል። ስለዚህ የልጅቷ እናት ስትታመም የሕክምናውን የሚከፍለው እሱ ነው። ከልቡ ነው የሚከፍለው። ልጅቷንም ያንኑ ሰሞን ነው የሚደልላት። (ከገዛ ልጁ ጋር የሚያወራበት ትዕይንትም ነበር። እሱ ለእኔ በዝቶብኛል፤ ደራሲው እስከ ዛሬ አይስማማም።)

የድርጅቱ ተወካይ አንብባ ስትጨርስ ደስ አላላትም። «አድማጭ ያዝንለታል» አለች። ከባዶ ሜዳ አልተነሳችም። ሜክሲኳዊው ሚጌል ሳቢዶ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስፋፋውን የማስተማሪያ ድራማ ዘዴ ሠልጥናለች። በዚያ ዘዴ አርአያ የሚሆን ሰው፣ የመጥፎ ምሳሌ የሚሆን ሰው፣ በሁለቱ መካከል እየዋለለ የሚለወጥ ሰው አለ። መጥፎው ዋጋውን ሲከፍል መታየት አለበት። የእሷ ፍርሃት ሰውዬው ምክንያት ካገኘ ጥፋቱ ይቀልለታል የሚል ነው።

አዘጋጃችን ክርክር አይወድም። ሁለቱንም ትዕይንት ቀረጽንና ቧንቧ ውሃ ሰፈር ቡና ለሚጠጡ እናቶች አሰማናቸው። ተወካይዋም አብራን ተቀምጣለች። የመጀመሪያው፣ የሚስቀው ደላላ ሲመጣ እናቶቹም ሳቁ። «እንዲህ ያለውን ማን እብድ ይከተላል?» አለች አንዷ። ሁለተኛው ሲሰማ ከመሃል አንዲት እናት «ይሄማ እኔ ቤት ቡና ጠጥቷል» አሉ። ከዚያ እርስ በርስ ክርክር ጀመሩ። ገንዘቡን መቀበል ነበረባት? የታመመ ሰው ይዞ ማን እምቢ ይላል? ከተቀበለችስ በኋላ ልጇን አትልክም ማለት በምን አፍ? ድርጅቱ ሊያስጠነቅቅ የፈለገውን ሁሉ እነሱው ተናገሩት፤ አዋጁን የጠቀሰ የለም።

ተወካይዋ በአንድ ቅድመ ሁኔታ ተስማማች። ደላላው የሚፈልገውን እንዲያጣ፣ ማጣቱም ከሌላ ሳይሆን ከዚያው ከሥራው እንዲመጣ። ይህ ለደራሲው እንዲያውም አቃለለለት። ሰውዬው የቅሬ ዳኛ መሆን እንደሚፈልግ ካወቅን የት እንደሚመታ አወቅን ማለት ነው። በመጨረሻዎቹ ክፍሎች ቅሬው ተሰብስቦ ስሙን ሲሰርዘው የልጅቷ እናት ምስክር ሆና ትቆማለች። የተከፈለላትን የሕክምና ገንዘብ በመሀረብ ቋጥራ ይዛለች።

ከዚያ ወዲህ ደራሲው አዲስ ድራማ ሲጀምር ከእያንዳንዱ ገጸ ባሕሪ ስም ሥር ሁለት ነገር ይጽፋል፦ ምን ይፈልጋል፣ ለምን ይፈልጋል። ለዘበኛው ሳይቀር። ዘበኛው የነበረው ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ «ማን ልበል?» እና «ግቡ።» ከስሙ ሥር ግን «የሌሊት ፈረቃው እንዲቀየርለት ይፈልጋል፤ ሚስቱ ልትወልድ ነው» ተብሎ ተጽፏል። ተዋናዩ ይህን አንብቦ «ሚስቱ ልትወልድ የደረሰች ሰው እንዴት በሁለት መስመር ይወጣል?» ብሎ ሞገተን። አሁን ስድስት መስመር አለው። ሰባተኛ እየጠየቀ ነው።