መሽከርከር ቀላል፣ መምታት ከባድ፦ የኤሌክትሪክ መዶሻን እየፈታሁ የገባኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የኤሌክትሪክ መሣሪያዎችን አጀማመር በጎን እያነበብኩ፣ በጎን ደግሞ ያረጁትን እየፈታሁ መማር ከጀመርኩ ሰነበትኩ። እስካሁን የገባኝን ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እኔን የያዘኝ አንድ ጥያቄ ነው። ኤሌክትሪክ ፑንታ (ድሪሉ ጫፍ ላይ የሚገባውን መብሻ ብረት) ማሽከርከር የጀመረው ገና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ታዲያ ኮንክሪት እየመታ የሚበሳ፣ አንድ ሰው በእጁ የሚይዘው መዶሻ በሥራ ቦታ ሁሉ እስኪገባ ለምን ያን ያህል ዘመን ፈጀ?

መነሻው ሜልቦርን፣ አውስትራሊያ ነው። አርተር ጀምስ አርኖት እና ዊልያም ብላንች ብሬን በ1889 ለኤሌክትሪክ ድሪል ፓተንት አወጡ። የታሰበው ለድንጋይና ለከሰል ቁፋሮ ነበር፤ ግድግዳ ላይ መደርደሪያ ለመስቀል ማንም አላሰበም። ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1895፣ በጀርመን ሽቱትጋርት የፋይን ድርጅት በእጅ የሚያዝ ድሪል ሠራ። ቪልሄልም ኤሚል ፋይን ድርጅቱን ያቋቋመው በ1867 ነው፤ ስለዚህ ሞተርን በደንብ የሚያውቅ ቤት ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይህን ድሪል ካላያችሁት የዛሬውን አታመሰግኑትም። ክብደቱ 7.5 ኪሎ ነው። ብረት ላይ የሚበሳው 4 ሚሊሜትር ብቻ። ሁለት እጀታ በግራና በቀኝ፣ ከኋላ ደግሞ ደረት ላይ የሚደገፍ ሳህን አለው። ሠራተኛው በሁለት እጁ ይይዘዋል፣ በደረቱ ይገፋዋል። ያም ሆኖ ትልቅ እመርታ ነበር። ከዚያ በፊት ብረቱን ወደ ማሽኑ ነበር የሚወስዱት፤ አሁን ማሽኑ ወደ ብረቱ ሄደ። መርከብ ወይም ድልድይ ለሚሠራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ቀጥሎ ባልቲሞር፣ አሜሪካ። ዱንካን ብላክ እና አሎንዞ ዴከር በ1910 በ1,200 ዶላር ሱቅ ከፈቱ። ብላክ ግማሹን ያመጣው መኪናውን ሽጦ ነው። በ1917 ፓተንት ያገኙበት ድሪል የሽጉጥ እጀታና በጣት የሚሳብ ቃታ ነበረው። ሐሳቡን ከኮልት ሽጉጥ እንደወሰዱት ይነገራል። እኔ ግን ከመልኩ ይልቅ ጥቅሙን ነው የማደንቀው፤ እጃችሁን ከመሣሪያው ሳታነሱ ታበሩታላችሁ፣ ጣታችሁን ስትለቁ ደግሞ ይቆማል። ፑንታ ብረት ውስጥ ተቀርቅሮ እጅ ሲጠመዝዝ ያየ ሰው ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል።

ሌላው ሞተሩ ነው። በዚያን ጊዜ አንዱ ከተማ ዲሲ (አቅጣጫው የማይቀያየር)፣ ሌላው ኤሲ (አቅጣጫውን የሚቀያይር) መብራት ነበረው። የእነ ብላክ ሞተር በሁለቱም ይሠራል። ለምን እንደሚሠራ የገባኝ ሽቦውን በጣቴ ተከትዬ ሳየው ነው፤ መብራቱ በፊልዱ (በማይዞረው የሽቦ ጥቅል) በኩል ያልፍና በካርቦኑ (የሚዞረውን ክፍል እየነካ መብራት በሚያስተላልፈው) በኩል ወደ አርማቸሩ (ወደሚዞረው የሽቦ ጥቅል) ይገባል፣ ማለትም ሁለቱ ተከታትለው ተያይዘው በአንድ መስመር ላይ ናቸው። ስለዚህ ኤሲ አቅጣጫውን ሲቀይር የሁለቱም ማግኔት አብሮ ይገለበጣል፣ የመዞሪያው አቅጣጫ ግን እንዳለ ይቆያል። ቀላል ነው፣ ግን ውብ ነው። ዛሬም በገመድ የሚሠሩት አብዛኞቹ ድሪልና ግራይንደሮች ይህንኑ ሞተር ነው የሚጠቀሙት። ካርቦን የምንቀይረውም ለዚሁ ነው።

እንግዲህ መሽከርከሩ እስከዚህ ድረስ ተፈታ። መምታቱስ?

መምታት የአየር ግዛት ነበር። በፈረንሳይና በጣሊያን መካከል የአልፕስን ተራራ የሚያቋርጠው የፍሬዡስ የባቡር ዋሻ በ1857 ተጀምሮ በ1871 ሲመረቅ ሥራውን ያፈጠኑት የዤርማን ሶሜየ የታመቀ አየር መሰርሰሪያዎች ናቸው። (ሶሜየ ራሱ ዋሻው ሊመረቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ሞተ። ይህን ሳነብ በጣም አዘንኩ።) የአየር መዶሻ ጠንካራ ነው፣ ነገር ግን ኮምፕሬሰርና ወፍራም ቱቦ ይፈልጋል። አንድ ኤሌክትሪሺያን ለአንድ ቀዳዳ ኮምፕሬሰር እየጎተተ ሦስተኛ ፎቅ አይወጣም።

ኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ በባሕርዩ የሚዞር ነገር ነው። ዙሩን ወደ ምት ልቀይር ብላችሁ ክራንክን (ዙርን ወደ ምልልስ የሚቀይር የታጠፈ ዘንግ) በቀጥታ ከመዶሻው ጋር ብታያይዙት፣ መዶሻው ድንጋይ በመታ ቁጥር ድንጋጤው በክራንኩ በኩል ተመልሶ የማርሽ ጥርሶቹን ይበላል፣ ኩሽኔታውን (የሚዞረውን ዘንግ የሚሸከመውን ቀለበት) ያደቃል፣ የቀረውን የሠራተኛው ክንድ ይቀበለዋል። ችግሩ የጉልበት እጥረት አልነበረም። የሚመታውን ክፍል ከሚገፋው ክፍል መለየት ነበር ችግሩ።

መልሱ እንደገና አየር ሆነ። የሚገርመኝ እሱ ነው። ከውጭ በቱቦ የሚመጣውን ትተው፣ እዚያው መሣሪያው ሆድ ውስጥ የታፈነ ትንሽ አየር ተጠቀሙ። የፋይን ድርጅት በኤሌክትሪክና በአየር የሚሠራ የመጀመሪያ መዶሻውን በ1914 እንደሠራ በራሱ ታሪክ ይተርካል። ቦሽ ደግሞ እዚያው ሽቱትጋርት በ1932 ቦሽ ሃመር (ሃመር ማለት መዶሻ ነው) የተባለውን ለገበያ አቀረበ።

አሠራሩን በዓይናችሁ ለማየት አንድ የተበላሸ ሃመር ፈልጋችሁ ፍቱ። የፊተኛውን ክፍል ስታወጡ ሲሊንደር ታገኛላችሁ። ውስጡ ሁለት ነገር አለ። ከኋላ ሞተሩ ወደፊትና ወደኋላ የሚነዳው ፒስተን፣ ከፊት ደግሞ ከምንም ጋር ያልተያያዘ፣ እንዲሁ ልቅ የሆነ የብረት ቁራጭ። በመካከላቸው አየር ብቻ ነው ያለው። የብስክሌት ፓምፕ አፉን በጣት ዘግታችሁ ስትጫኑ አየሩ እንደሚመልሳችሁ ሁሉ፣ ፒስተኑ ወደፊት ሲመጣ አየሩ ይታመቅና ልቁን ብረት ያስፈነጥረዋል። ብረቱ የፑንታውን ጭራ ይመታል፣ ነጥሮ ይመለሳል፣ ፒስተኑም ወደኋላ ሲሄድ ይስበዋል። ድንጋጤው ወደ ሞተሩ ሳይደርስ አየሩ ላይ ይቀራል።

ልቁ ብረት ላይ ቀጭን የጎማ ቀለበት አለች። እሷ ካረጀች አየሩ ያመልጣል፣ ሃመሩም ይዞራል እንጂ አይመታም። ብዙ ሰው «ሞቷል» ብሎ የሚጥለው ሃመር ችግሩ ይህችው ጎማ ነች። ግሪሱ ደርቆ ከሆነም ተመሳሳይ ነው።

ሌላ ነገርም ልብ በሉ፤ ሲሊንደሩ ጎን ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ፑንታው ግድግዳ ሳይነካ ሲቀር ልቁ ብረት ወደፊት ይንሸራተታል፣ ቀዳዳዋ ትከፈታለች፣ አየሩ ይወጣል፣ መምታቱ ይቆማል። ግድግዳ ላይ ጠጋ ስታደርጉት ቀዳዳዋ ትዘጋለች፣ ይጀምራል። ስለዚህ ሃመር የሚፈልገው ያችን ቀዳዳ የምትዘጋ ግፊት ብቻ ነው። ከዚያ በላይ በደረት መግፋት ጡንቻ ማባከን ነው። የመዶሻ ምልክት ያለው ተራው ድሪል ግን ሌላ ነው። እሱ ጥርስ ያላቸው ሁለት ሳህኖች አንዱ በአንዱ ላይ እየዘለሉ ነው የሚያንቀጠቅጡት። በደቂቃ ከ40 ሺህ በላይ ሊመታ ይችላል፣ እያንዳንዱ ምት ግን ኢምንት ነው፣ ካልገፋችሁት ደግሞ አይመታም። አነስተኛው ሃመር በደቂቃ 4 ሺህ ገደማ ብቻ ይመታል፣ ግን አንዱ ምት 2.5 ጁል ያህል ነው፤ 1 ኪሎ ብረት ከ25 ሳንቲሜትር ከፍታ እንደመውደቅ ማለት ነው። ብሎኬት በሁለቱም ይበሳል። ኮንክሪት ሲመጣ ግን አትልፉ፣ ሃመሩን አንሱ።

ቀሪውን ቶሎ ልለፈው። የሊኽተንሽታይኑ ሂልቲ በ1967 ቲኢ 17 የተባለውን ሃመር አወጣ። በ1970ዎቹ ደግሞ ያለ ቁልፍ ጠቅ ብሎ የሚገባው፣ ጭራው ላይ ቦይ ያለው የኤስዲኤስ ፑንታ መጣ። ያ ቦይ ፑንታው ወደፊትና ወደኋላ እንዲንሸራተት ቦታ ይሰጠዋል፤ ተራ ቻክ (ፑንታውን የሚይዘው የድሪሉ አፍ) ጨምድዶ ስለሚይዘው ምቱን ይገድለዋል።

አሁን እያነበብኩ ያለሁት ስለ ባትሪ መሣሪያዎች ነው። ብላክ ኤንድ ዴከር የመጀመሪያውን ባለባትሪ ድሪል ያወጣው በ1961 ነው፤ በ1971 ደግሞ የአፖሎ 15 ጠፈርተኞች በባትሪ የሚሠራ፣ እየመታ የሚበሳ መሣሪያ ጨረቃ ላይ ተጠቅመዋል። አየር በሌለበት ቦታ ምቱን የሰጠው ስፕሪንግ ነበር። እሱን በሚቀጥለው በሰፊው እጽፈዋለሁ። እስከዚያው ከእናንተ መካከል ክራንክ ያለው ትልቅ ሃመር የፈታ ካለ የሲሊንደሩን ፎቶ ይላክልኝ፤ እኔ የፈታኋቸው ትንንሾቹ ክራንክ የላቸውም፣ ፒስተኑን የሚነዳው ዘንበል ብሎ የተገጠመ ኩሽኔታ ነው፣ እና ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ማነጻጸር እፈልጋለሁ።